እንቅርት ላይ ሰሊኒየም

«ሰሊኒየም አለ?»

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ይህንኑ ጠየቀኝ። መድኃኒት ቤት ቆሜ ነው የምውለው። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲጠይቁ ከጀርባው ብዙውን ጊዜ ሐኪም የለም፤ ስልክ ነው ያለው። ሦስተኛዋን «ማን አዘዘልዎት?» አልኳቸው። ስልካቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ቴሌግራም ላይ የደረሳቸው ረዥም ጽሑፍ ነው። በዚያው ሰሞን እኔም ከአንድ ዘመዴና ከሰፈራችን የዕድር ግሩፕ ተላከልኝ። የጸሐፊ ስም የለውም። ከሥሩ ግን «ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ» ይላል። ሰዉም ታዛዥ ነው፣ አስተላልፏል።

ሁለቴ አነበብኩት። መልስ ልጽፍለት የተነሳሁት በመጥፎ ስለተጻፈ አይደለም። ጥሩ ተደርጎ ስለተጻፈ ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ላላነበባችሁት፣ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። የታይሮይድ ዕጢ የምትሠራው በማዕድናት ነው፤ ሐኪሞች ግን ከክኒን በቀር አያውቁም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው ፋብሪካ የነካው ኬሚካል ስለሆነ ይጣል። በምትኩ አሞሌ፣ የባሕር ጨው ወይም ሮዝ ጨው ይበላ፤ 84 ማዕድን አለበት፤ አባቶቻችንም የኖሩት በሱ ነው። እንዲያውም ዛሬ የበዛውን የታይሮይድ ሕመም ያመጣው ያው አዮዲን ያለበት ጨው ነው። የታይሮይድ ችግር ያለበት ሁሉ በቀን 200 ማይክሮግራም (ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው) ሰሊኒየም ይውሰድ፤ የባሕር አረም ዱቄትም ይጨምርበት። ጎመን ይተው። የአዮዲን እጥረት እንዳለብህ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ክንድህን አዮዲን ቀብተህ ማየት ይበቃል። በመጨረሻም ማዕድኑ ከተሟላ የሐኪሙን ክኒን መተው ይቻላል።

እንግዲህ በየተራ እንሂድ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ ጥናቶቹም የወጡት በዚያው ነው።

ከእውነቱ ልጀምር። ታይሮይድ በማዕድን ነው የምትሠራው የሚለው ትክክል ነው። ይህች አንገት ሥር ያለች፣ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ በብዛት የምታመርተው ሆርሞን ቲ-4 ይባላል። 4 የተባለው አራት የአዮዲን አተሞች ስላሉት ነው። አንዱ ሲነሳለት ቲ-3 ይሆናል፤ ሰውነት ይበልጥ የሚሠራበት ይኼኛው ነው። ያቺን አንድ አዮዲን የሚያነሳው ኢንዛይም ያለ ሰሊኒየም አይሠራም። መጀመሪያ አዮዲኑን ሆርሞኑ ላይ የሚሰካው ሌላው ኢንዛይም ደግሞ ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ይህን እቀበላለሁ።

ሐኪሞች ታይሮይዱን ብቻ አይተው የቀረውን ይረሳሉ የሚለው ወቀሳም ባዶ አይደለም። ደክሞኛል፣ ፀጉሬ ረገፈ የምትል ሴት ታይሮይዷ ደህና ሆኖ የደም ማነስ ሊኖርባት ይችላል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩባትም ይችላሉ። በአይቮሪ ኮስትና በሞሮኮ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ይህንን ነው። እንቅርት ያለባቸው ልጆች ብረት ካጠራቸው አዮዲን ያለበት ጨው በደንብ አይሠራላቸውም፤ ብረት ሲያገኙ ግን እንቅርቱ በተሻለ ይቀንሳል። ጽሑፉ ይህን ቢያብራራ አጨበጭብለት ነበር። እሱ ግን ስለ ብረት አንድ መስመር ብሎ ወደ ሰሊኒየም ሮጠ። ብረት ምን ያድርግ፣ ምስርና ሽሮ ውስጥ ተቀምጦ አይማርክም።

አሁን ወደ ጨው።

«የተፈጥሮ ጨው ይበቃል» የሚለውን በሒሳብ እንየው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ቢበዛ 60 ማይክሮግራም ያህል አዮዲን አለው። ጨው ደግሞ 35 ግራም ያህል። ውኃው ሲደርቅ አዮዲኑ አንድም ሳይባክን ጨው ላይ ቀረ እንበል፤ እንደዚያ አይሆንም እንጂ። አንድ ግራም ጨው ላይ 2 ማይክሮግራም አይሞላም ማለት ነው። በቀን 5 ግራም ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ ብንበላ 9 ማይክሮግራም እንኳ አናገኝም። ለአዋቂ የሚያስፈልገው 150 ነው። ለነፍሰ ጡር 250። 150ውን ከባሕር ጨው ላግኝ ያለ ሰው በቀን ከ80 ግራም በላይ ጨው መብላት አለበት። ያኔ የታይሮይዱ ነገር ይቀርና የደም ግፊቱ ነገር ይመጣል።

አሞሌም ከዚህ አያመልጥም። አሞሌን ልንቅ አይደለም። ከዳናኪል ተቆርጦ፣ በግመል ተጭኖ፣ በበራህሌ አድርጎ መቀሌ የሚወጣ ጨው ነው። ገንዘብ ሆኖ ሀገር አገበያይቷል። ግን እሱም ጥንት የደረቀ የባሕር ጨው ነው፤ ሒሳቡ ያው ነው። ሮዙ ጨው ደግሞ «ሂማሊያ» ይባል እንጂ የሚወጣው ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ውስጥ ኬውራ ከሚባል የጨው ማዕድን ነው። 84 ማዕድን አለበት ተብሎ የሚዞረውን ዝርዝር ዘርግታችሁ እዩት፤ እርሳስም አለበት። ጥያቄው ስንት ዓይነት አለ አይደለም፤ የሚያስፈልገን በሚያስፈልገን መጠን አለ ወይ ነው። ሮዝ ጨው ላይ አዮዲኑ የለም በሚባል ደረጃ ነው።

«አባቶቻችን በአሞሌ ኖረው የለ?»

ኖረዋል። እንዴት እንደኖሩ ግን ልንገራችሁ። አያቴ የጎንደር ደጋ ሰው ነበረች። እንቅርት ነበረባት። ነጠላዋን ስታጣፋ ከአገጯ ሥር ይታያል። ልጅ ሆኜ የአያትነት ምልክት ይመስለኝ ነበር፤ የጎረቤታችን አያትም ስለነበረባቸው። አንገቷን ዙሮ በረድፍ የወረደ ንቅሳት አለ። ያንን ደግሞ ጌጥ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ጌጥነቱ ልክ ነው። በኋላ ስጠይቃት ግን «እንቅርቱ እንዳይወጣብኝ እናቴ አስነቅሳኝ ነው» አለችኝ። ወጣባት። የእናትየዋ ሕክምና ያ ነበር፤ ጨዋቸው ደግሞ አሞሌ። ጽሑፉ እንደሚለው ቢሆን አያቴ አንገት ላይ ምንም መኖር አልነበረበትም።

አያቴ ብቻዋን አልነበረችም። እንቅርት ተረታችን ውስጥ የገባው በየቤቱ ስለነበረ ነው። በ2005 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 40 በመቶ ገደማ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ከ10 ልጅ 4። ደጋው አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ወደ ቆላ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ወርዷል። በዚያ አፈር የበቀለ ጤፍ ቢሉት ገብስ ከየት ያምጣው?

የ2005ቱ ቁጥር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በፊት አዮዲን ያለበት ጨው የሚመጣልን ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። በ1998 ድንበሩ ሲዘጋ ጨዉም ተዘጋ። አፋር ያለው አፍዴራ ገበያውን ተረከበ፤ ያኔ ግን አዮዲን አይጨመርበትም። በ2005 አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ5 ቤት በ1ዱ ብቻ ነው። በ2011 ጨው ያለ አዮዲን ለምግብ እንዳይሸጥ ደንብ ወጣ። በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ቤት በ89ኙ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘ። «ፋብሪካ የነካው ኬሚካል» የተባለው ይህ ነው። የሚጨመረው ፖታሺየም አዮዴት ነው፤ ከፖታሺየም፣ ከኦክስጅንና ከአዮዲን የተሠራ። አዮዲኑ ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ከዓሣ ይምጣ ከጆንያ ታይሮይድ አትለይም።

እንቅርት ደግሞ የሚታየው ነው። የማይታየው ይብሳል። ነፍሰ ጡር አዮዲን ካጣች ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ ያ ጉዳት ከተወለደ በኋላ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ልንከላከላቸው ከምንችላቸው የአእምሮ ጉዳት መንስኤዎች ከፊት የሚያስቀምጠው ይህንን ነው። መጠኑን ስታስቡት ይገርማል። በቀን 150 ማይክሮግራም ለ70 ዓመት ብትደምሩት 4 ግራም አይሞላም። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነገር ነው። ግን በአንዴ ተበልቶ አይቀመጥም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል። ስዊዘርላንድ በ1922፣ አሜሪካ በ1924 ጨውን የመረጡት ለዚህ ነው። ሀብታሙም ደሃውም በየቀኑ የሚቀምሰው እሱን ነው።

ጨዉን መተቸት ለሚፈልግ ሰው እውነተኛ መተቻ አለ። እኛ ጋ በ2016 ገደማ በተደረገ ብሔራዊ ጥናት በቂ አዮዲን የተገኘበት ጨው ከ4 ቤት በ1ዱ ገደማ ብቻ ነበር። አለ፤ ግን አንዱ ጆንያ ላይ ያንሳል፣ አንዱ ላይ ይበዛል። ከቀረው ላይ ደግሞ እኛው እናባክናለን። ጨው ያለ ክዳን ምድጃ ዳር ተቀምጦ በእንፋሎት ይርሳል። ወጡ ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ ጨው ይገባበታል። አዮዲን ሙቀትና እርጥበት አይወድም። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ከእሳት ማራቅ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል መጨመር፣ በቃ ይኼው ነው።

ውጭ ላላችሁት አንድ ነገር ላክል። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ አዮዲን ያለበት ጨው ሞልቷል፤ በፋብሪካ ምግብና በታሸገው ሁሉ ውስጥ የሚገባው ጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን የለውም። ቤት ውስጥ ሮዝ ጨው፣ ውጭ የታሸገ የሚበላ ሰው ጨው እየበዛበት አዮዲን ሊያንሰው ይችላል። እስራኤልም በ2016 ገደማ በተማሪዎችና በነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጥናት አብዛኞቹ አዮዲን አንሷቸው ተገኝተዋል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ የምትወስዱት ቫይታሚን ላይ አዮዲን 150 ማይክሮግራም መኖሩን ከጀርባው አንብቡ፤ ሁሉም ላይ የለም።

«የታይሮይድን ሕመም ያመጣው ያው ጨው ነው» ወደሚለው ልለፍ። ይህን በዋዛ የሚያጣጥል ሰው ልክ አይደለም፤ የእውነት ዘር አለበት። አዮዲን ለረጅም ጊዜ ያጣ ሕዝብ ድንገት ሲያገኝ አንዳንዱ ሰው ላይ ታይሮይዱ ከመጠን በላይ ይሠራል። ሲበዛ ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ የሚያጠቃበት ሃሺሞቶ የሚባለው ሕመም ይጨምራል። ቻይና ውስጥ የአዮዲን መጠናቸው የተለያየ ሦስት አካባቢዎች ለ5 ዓመት ተጠንተው ውጤቱ በ2006 ወጣ። አዮዲን በበዛባቸው ቦታዎች እንዲህ ያለው ሕመም በዝቶ ተገኘ። ዴንማርክም በ2000 ግዴታ ካደረገች በኋላ ተመሳሳይ ነገር አይታለች፤ የሆርሞን መብዛት መጀመሪያ ጨመረ፣ ቆይቶ ግን ከድሮውም በታች ወረደ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ቻይና ጨዉን አልጣለችም፤ የአዮዲኑን መጠን ቀነሰች። ዴንማርክም እስከ ዛሬ ትጨምራለች። ጽሑፉ ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ግን «ጣሉት» ነው። በዚህም አላበቃም። ወረድ ብሎ የባሕር አረም ዱቄት በማንኪያ ይመክራል። አንዳንዱ የባሕር አረም በአንድ ግራም ብቻ እስከ 3,000 ማይክሮግራም የሚጠጋ አዮዲን አለው። የአሜሪካኖቹ የአዋቂ ጣሪያ በቀን 1,100 ነው፤ የአውሮፓውያኑ 600። በጨው 150 በዛ ያለ ሰው በማንኪያ 3,000 ሲሰጥ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እኔ እስካሁን ይህን ሁለት አንቀጽ አንድ ሰው መጻፉን እጠራጠራለሁ።

ሰሊኒየም። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ።

እጥረቱ መኖሩን አልክድም። በ2021 የወጣ የኢትዮጵያና የማላዊ የእህል ጥናት በእህል ውስጥ ያለው ሰሊኒየም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። እኛ ጋ ናሙናው የተወሰደው ከአማራ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ ነው። ከአንዱ ወረዳ የተገኘ ጤፍ ሰሊኒየም ይኖረዋል፣ ከሌላው የተገኘው የለውም። የየራሱን ማሳ እህል ለሚበላ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፊንላንዶች ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምረው ሰሊኒየም ማዳበሪያቸው ውስጥ ጨመሩ። ሌላም እቀበላለሁ፤ ታይሮይድ ከመጠን በላይ ሠርቶ ዓይናቸው መጠነኛ እብጠት ለያዘው ሰዎች በቀን 200 ማይክሮግራም ለ6 ወር እንደሚረዳ በ2011 የወጣ የአውሮፓ ጥናት አሳይቷል።

ከዚህ ተነስቶ «ሁሉም 200 ይውሰድ» ማለት ግን ሌላ ነው። ለአዋቂ የሚያስፈልገው 55 ነው። ለሃሺሞቶ የተሞከረውን በ2013 የገመገመው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ቡድን፣ ይጠቅማልም አይጠቅምም ለማለት ማስረጃው አይበቃም ነው ያለው። አንዳንድ ጥናት ላይ የሕመሙ የደም ምርመራ ቁጥር ይወርዳል፤ ሰዎቹ ግን ተሻለን ማለታቸው አልተረጋገጠም። ጽሑፉ «ተፈጥሮ ስለሆነ አይበዛም» ይላል። ይበዛል። ከ6 እስከ 8 ፍሬ የብራዚል ለውዝ ብቻ 500 ማይክሮግራም ያልፋል፤ የአሜሪካኖቹ ጣሪያ 400 ነው። በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ማሟያ በስህተት 200 እጥፍ ሰሊኒየም ተጨምሮበት ተሸጠና 201 ሰው ታመመ። የታየባቸው ፀጉር መርገፍ፣ ጥፍር መበላሸት፣ ድካም ነበር። አስተውሉልኝ፤ ሰው ሰሊኒየም ሊገዛ የሚመጣው ፀጉሬ ረገፈ፣ ደከመኝ ብሎ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ከኮንጎ ነው የመጣው።

ጥናቱ የወጣው በ1991 ነው፤ አገሩ ያኔ ዛየር ይባል ነበር። አዮዲንም ሰሊኒየምም ያነሰበት አካባቢ ነው። ተመራማሪዎቹ ለተማሪዎችና ከልጅነታቸው ጀምሮ በአዮዲን እጥረት ለተጎዱ ሰዎች ለ2 ወር ሰሊኒየም ሰጡ። አዮዲን አልሰጡም። ምን ሆነ? ቲ-4 ሆርሞናቸው ወረደ። ዕጢያቸው ቀድሞ የተጎዳባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ክፉኛ ወረደ።

ምክንያቱ ከላይ ያነሳነው ኢንዛይም ነው። ሰሊኒየም ሲያገኝ ይነቃል። ሲነቃ ያለችውን ጥቂት ቲ-4 ቶሎ ቶሎ ይፈታታታል። ዕጢዋ በምትኩ እንዳታመርት አዮዲን የላትም። ለካ የሰሊኒየሙ ማነስ ያለችውን ሆርሞን ይቆጥብላቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ ያስጠነቀቁትም አዮዲን ለጎደለው ሰው ሰሊኒየም ዝም ብሎ እንዳይሰጥ ነው።

አሁን የጽሑፉን ምክር ከዚህ ጎን አስቀምጡት። አዮዲን ያለበትን ጨው ጣል። ሰሊኒየም ዋጥ። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል የሰማነው ለዚህ ነው።

የጎመኑ ነገር ብዙ አያነጋግርም። ጎመንና ጥቅል ጎመን ውስጥ አዮዲንን የሚሻሙ ነገሮች አሉ፤ እውነት ነው። በ2010 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የ88 ዓመት አሮጊት ታሪክ ወጥቶ ነበር። የቻይና ጎመን በየቀኑ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ፣ ጥሬውን፣ ለወራት በልተው ታይሮይዳቸው ወድቆ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ኪሎ ተኩል፣ ጥሬ፣ በየቀኑ! የኛ ጎመን ደግሞ ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ በሽንኩርት ተጠብሶ ነው የሚቀርበው፤ ሙቀቱ አብዛኛውን ነገር ይገድለዋል። አዮዲን ለሚያገኝ ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጎመን ምንም አይለውም። ጾሙን በምን ይግፋው? መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለካሳቫ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ከእንቅርት ጋር ተያይዞ ተጠንቷል። እሱም ቢሆን በደንብ ከተዘፈዘፈና ከደረቀ መርዙ ይቀንሳል። ጽሑፉ ካሳቫን አላነሳም።

ክንድ ላይ አዮዲን ቀብቶ «ቶሎ ከጠፋ እጥረት አለብህ» የሚለውስ? አዮዲን በባሕሪው ይተናል። ሞቃት ቀን ላይ ቶሎ ይጠፋል፣ ብርድ ላይ ይቆያል። በዚህ ስሌት ከሆነ ድሬዳዋ ሁሉ እጥረት አለበት፣ ደብረ ብርሃን ሁሉ ጤነኛ ነው። የምትለኩት አየሩን እንጂ ታይሮይዱን አይደለም። የታይሮይድን ሁኔታ የሚነግረው ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ስለ ምርመራ ካነሳን፣ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ ከውጭ የሚላከው ባዮቲን ውጤቱን ያዛባል፤ ደህናውን ሰው በሽተኛ፣ በሽተኛውን ደህና ሊያስመስል ይችላል። ከምርመራው ሁለት ሦስት ቀን በፊት አቁሙት፤ ለላቦራቶሪውም ንገሩ።

የቀረው ክኒኑ ነው። ሰሊኒየም የጠየቁኝን ሦስተኛዋን ሴትዮ አልረሳኋቸውም። ስልኩን ስመልስላቸው ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ክኒኑንስ?»

«ተውኩት። አሥር ቀኔ ነው።»

«ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም! ደህና ነኝ እኮ ልጄ። እንዲያውም ቀለለኝ።»

ጽሑፉ ሥር የተደረደሩት ምስክርነቶችም እንደዚሁ ናቸው። «ካቆምኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ተመስገን።» አልዋሹም። ሌቮታይሮክሲን፣ ክኒኑ ማለት ነው፣ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሳምንት ሲሆን ግማሹ አለ፣ ሁለት ሳምንት ሲሆን ሩቡ አለ። ጨርሶ ሲያልቅ ወር አልፎታል። ያኔ ሰውዬው የሚበርደው፣ የሚያብጠው፣ የሚከብደው ከክኒኑ ጋር አይያያዝለትም። ምስክርነቱን ግን ቀድሞ ጽፎታል፤ ተመልሶ የሚያርም ደግሞ የለም።

ክኒን ሊያቆም የሚችል ሰው የለም አልልም። ከወሊድ በኋላ የመጣ ሆኖ በራሱ የሚተው አለ፤ መጀመሪያውኑ ሳያስፈልግ የተጀመረም አለ። ያንን የሚወስነው ሐኪም ነው፣ ምርመራ እያየ። ሃሺሞቶ ዕጢውን ለጎዳበት፣ ወይም በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ግን ማዕድን መጨመር ምጣዱ ለተሰበረባት ሴት ጤፍ ማምጣት ነው። ጤፉ ቢሞላ በምን ትጋግረው?

እትዬ የወጣላቸው ናቸው። አንገታቸው ላይ ጠባሳው አለ፤ እሳቸውም እየዳበሱ ነው የሰሙኝ። በዚያው ቀን ወደ ሐኪማቸው ሄዱ፤ ክኒኑን መልሰው ጀመሩ። ከሁለት ወር በኋላ የቲኤስኤች ውጤታቸውን ይዘው መጡ። ተሻሽሏል፤ ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ ሆርሞኑ ገና አልበቃቸውም ማለት ነው። «እንዴት ነው የሚውጡት?» አልኳቸው።

«ጠዋት ነዋ። በቡና።»

ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማዋል። ክኒኑ በባዶ ሆድ በውኃ ተውጦ ቡናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ብረትና ካልሲየም ደግሞ 4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሰሊኒየም አትውሰዱ ስላቸው እንዲህ አልከፋቸውም።

«ቡናዬን አንድ ሰዓት ልጠብቅ? ኧረ በማርያም!»

ማታ፣ ከራት 3 ሰዓት ቆይቶ በባዶ ሆድ መዋጥም እንደሚቻል ነገርኳቸው፤ ሐኪማቸውም ተስማማ። አሁን የሚውጡት ማታ ነው።